ማን ለማን አበደረ?

ቀን ቀን የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ ማታ ማታ፣ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ ግጥም እሞክራለሁ። ሁለቱ ሥራዎች አይተዋወቁም ብዬ ለረጅም ጊዜ አምን ነበር። ባንክ ቤት አንድ ቃል አንድ ነገር ብቻ እንዲናገር ይፈለጋል፤ በግጥም ዓለም ግን አንድ ቃል ሁለት ነገር ካልተናገረ ምኑን ግጥም ሆነ? ዛሬ የማወጋችሁ ሁለቱ በአንድ ወረቀት ላይ ስለ ተገናኙበት ቀን፣ ከዚያም ወዲህ በውስጤ ስለሚመላለስ አንድ ክርክር ነው። ነገሩ የእንግሊዝኛ ግሦች ነገር ነው። «ይህ ደግሞ የሰዋስው መምህር ከየት መጣብን?» ብላችሁ ንባቡን ከወዲሁ እንዳትተዉብኝ አደራ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በምሠራበት ቅርንጫፍ በዕድሜም በአገልግሎትም ሁላችንን የሚበልጡ አንድ ሰው ነበሩ። «ጋሼ» እያልን ነበር የምንጠራቸው። የብድር ማመልከቻ ሲመረምሩ ገና ቁጥሮቹን ሳይደምሩ ስሕተቱ ያለበትን ገጽ የሚያውቁ ሰው ነበሩ። ደብዳቤው ግን በእንግሊዝኛ ይጻፋል። አንድ ቀን ለዋናው መሥሪያ ቤት የሚላክ ማስታወሻ ጽፈው «እስቲ እየው» ብለው ሰጡኝ። አንድ ደንበኛ ከቅርንጫፋችን 200 ሺህ ብር መበደሩን የሚገልጽ ነበር። «ቦሮውድ» ሊባል በሚገባው ቦታ «ሌንት» ብለው ጽፈዋል። በእንግሊዝኛው መሠረት እንግዲህ አበዳሪው ደንበኛው ሆኖ ቁጭ አለ።

ማረም እችል ነበር። በእርሳስ አንድ ቃል ሰርዞ ሌላ መተካት የግማሽ ደቂቃ ሥራ ነው። እኔ ግን ወረቀቱን ከፍ አድርጌ ይዤ በየጠረጴዛው ላሉት አነበብኩላቸው። «ጋሼ፣ ከመቼ ወዲህ ነው ደንበኛው ለባንኩ ማበደር የጀመረው?» አልኩ። ተሳቀ። ከሁሉ አብልጬ የሳቅሁት እኔ ነኝ። እርሳቸውም ፈገግ ለማለት ሞከሩና ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱ። «በእኛ ቋንቋ እኮ አንድ ቃል ነው፣ ልጄ፤ ፊቱን ነው የሚያዞረው» አሉ። ሌላ ነገር አልተናገሩም።

ከዚያ ቀን በኋላ በእንግሊዝኛ ሲጽፉ አላየኋቸውም። አንድ ቀን መነጽሬን ረሳሁት፣ አንድ ቀን እጄን ያመኛል እያሉ ጽሑፉን ለታናናሾቻቸው ያስተላልፉ ጀመር። ማመልከቻ መመርመራቸውን አልተዉም፤ ያገኙትን ነገር ግን የሚጽፈው ሌላ ሰው ሆነ፤ ከሥሩም የሚሰፍረው የጸሐፊው ስም ነበር። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በዚህ ሁኔታ ቆዩ።

እንግዲህ ክርክሬ ከዚህ ይጀምራል። «ፊቱን ነው የሚያዞረው» ያሉት ቃል፣ ውሎ አድሮ እንደ ተረዳሁት፣ እኔ በዩኒቨርሲቲ ከሰማሁት የቋንቋ ትምህርት ሁሉ የተሻለ ማብራሪያ ነበር። በአማርኛ አበደረ፣ ተበደረ፣ ተበዳደሩ፣ አበዳሪ፣ ተበዳሪ፣ ብድር ስንል አንዲቱን ሥር ይዘን ነው የምንዞረው። ገንዘቡ አንድ፣ ድርጊቱ አንድ፤ «አ» ስትቀድም ሰጪው ይታያል፣ «ተ» ስትቀድም ተቀባዩ። የግእዝ መምህራን ይህንን የግሥ መዞር በአምስት አዕማድ ከፍለው ያስተምሩታል፤ አድራጊ፣ አስደራጊ፣ ተደራጊ፣ ተደራራጊ፣ አደራራጊ። በዚህ ሥርዓት ያደገ አእምሮ እንግሊዝኛ ሲገጥመው ለአንዱ ድርጊት ሁለት የማይዛመዱ ቃላት ተሰጥተውት ያገኛል። «ሌንድ»ና «ቦሮው» በመልክም በድምፅም አይገናኙም። አእምሮ ከሁለቱ አንዱን ያነሣና ለሁለቱም ወገን ሊያዞረው ይሞክራል። ይህ ድንቁርና አይደለም። የራሱን ቋንቋ ሕግ በሰው ቤት ማክበር ነው፤ የማይሠራበት ቤት ሆኖ ተገኘ እንጂ።

ደግሞም እንግሊዝኛ ከዘመዶቹ ሁሉ የተለየ ሆኖ እንዳይመስለን። የቅርብ ዘመዱ ጀርመንኛ «ቦርገን» የሚል ግሥ አለው፤ ማበደርም መበደርም ነው፤ ማን ሰጥቶ ማን እንደ ተቀበለ ከዓረፍተ ነገሩ ይታወቃል። የእንግሊዝኛው «ቦሮው» የዚሁ ግሥ ዘመድ ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ «ቦርግ» ማለት መያዣ፣ ዋስ ማለት ነበር፤ መበደር መያዣ አስይዞ መውሰድ ነውና። በየቀኑ የዋስትና ሰነድ ሳገላብጥ የምውል ሰው ይህንን ባወቅሁ ጊዜ እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግራችሁ አልችልም። ከመዝገበ ቃላት ውስጥ የሥራ ባልደረባ ያገኘሁ ያህል ነበር።

ታዲያ እንዴት እንለያቸው? ለእኔ የሠራልኝ መንገድ ወደ አማርኛው መመለስ ነው። «ከ» ካለ «ቦሮው»፣ «ለ» ካለ «ሌንድ»። ደንበኛው ከባንኩ ወሰደ፤ ባንኩ ለደንበኛው ሰጠ። ከዚህ በላይ ምንም አያስፈልግም። እኔ በተማርኩበት ትምህርት ቤት ግን በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አማርኛ የተናገረ ተማሪ ይቀጣ ነበር። የሚምታቱ ግሦች ጥንድ ጥንድ እየሆኑ በሰሌዳ ይጻፉልናል፤ ትርጉማቸውም እንግሊዝኛ፣ ምሳሌያቸውም እንግሊዝኛ። በቃላችን ይዘን ፈተናውን እናልፍና በማግስቱ መልሰን እናምታታለን። ቤቱን በቁልፍ ዘግተው ቁልፉን ከውስጥ እንደ መተው ነው፤ መክፈቻው አማርኛው ነበር።

ይህ ከሁሉ ይልቅ የሚገለጠው «ራይዝ»ና «ሬይዝ»፣ «ላይ»ና «ሌይ» በሚባሉት ግሦች ላይ ነው። «ራይዝ» መነሣት፣ «ሬይዝ» ማንሣት፤ «ላይ» መጋደም፣ «ሌይ» ማጋደም ወይም ማኖር። ብዙዎቻችን እነዚህን በጭፍን ስንሸመድድ አንድ ነገር አልተነገረንም። በጥንት ዘመን እንግሊዝኛም እንደ እኛ ያለ የግሥ መዞሪያ ነበረው። እኛ «አ» ወይም «አስ» ከፊት እንደምንጨምር እነርሱ በቃሉ መካከል ያለውን አናባቢ ይለውጡ ነበር። «ሲት» ተቀመጠ፣ «ሴት» አስቀመጠ፤ «ፎል» ወደቀ፣ «ፌል» ጣለ፤ ይህ ሁለተኛው ዛሬ በአብዛኛው ዛፍ ቆርጦ ለመጣል ቀርቷል። «ድሪንክ» ጠጣ፣ «ድሬንች» አጠጣ፤ አዎን፣ ዛሬ በዝናብ መበስበስን የሚገልጸው «ድሬንች» መነሻው ማጠጣት ነው! ሥርዓቱ ከሞተ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል። የቀሩት ጥንዶች የፈረሰ ቤት ምሰሶዎች ናቸው፤ እንግሊዞቹ ራሳቸው ጣሪያው የት እንደ ነበረ ረስተዋል። እኛ ግን ያው ዓይነት ቤት ውስጥ ዛሬም እንኖርበታለን፤ ተነሣ አነሣ፣ ተኛ አስተኛ፣ ጠጣ አጠጣ እያልን። እነዚህን ጥንዶች ለመረዳት አማርኛ ተናጋሪ ከለንደን ልጅ ይልቅ የቀረበ ነው ብል አታጋነንክ አትበሉኝ።

እንግሊዞቹ ረስተዋል ማለቴም ለነገር አይደለም። ባይረን በ1818 እ.ኤ.አ. በወጣው «ቻይልድ ሃሮልድ» አራተኛ ክፍል ላይ «ላይ» ማለት ሲገባው ለቤት መምቻ ብሎ «ሌይ» ማለቱ እስከ ዛሬ ይነሣበታል። ቦብ ዲላን በ1969 እ.ኤ.አ. ባወጣው «ሌይ ሌዲ ሌይ» በተሰኘው ዘፈኑ ያንኑ አደረገ፤ በ2016 እ.ኤ.አ. የኖቤልን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ከማግኘት አላገደውም። ለማምታታቱ ምክንያትም አለ። የ«ላይ» ኃላፊ ጊዜ ራሱ «ሌይ» ነው። ማለትም «ትናንት ተጋደመ» ለማለት የሚያገለግለው ቃል «ዛሬ አጋድም» ከሚለው ጋር በአንድ ፊደል ይጻፋል። እንዲህ ያለውን ወጥመድ ያጠመደ ቋንቋ በወደቀበት ሰው ሊስቅ አይገባውም።

ለእነዚህ ጥንዶች የእኔ መለያ «ምንን?» የሚል ጥያቄ ነው። የአማርኛው ዓረፍተ ነገር «ምንን?» ብለን ስንጠይቀው መልስ ካለው «ሬይዝ» ወይም «ሌይ» ነው። እጁን አነሣ፤ ምንን? እጁን። መልስ ከሌለው «ራይዝ» ወይም «ላይ» ነው። እዚህ ላይ ግን አማርኛችንም ራሱ አንድ ስውር ጓዳ አለው። «ጨመረ» የሚለውን ግሥ ውሰዱ። ነጋዴው ዋጋውን ጨመረ፤ ዋጋው ጨመረ። ግሡ አንድ ነው፤ «አ» የለ፣ «ተ» የለ። እንግሊዝኛው በመጀመሪያው «ሬይዝ»፣ በሁለተኛው «ራይዝ» ይላል፤ እኛ ግን በቃሏ «ን» ብቻ እንለያለን። «ን»ን ባስቀረናት ቁጥር የጨመረው ሰው ከወሬው ይጠፋል። ከገበያ ሁላችንም የምንመለሰው «ዋጋ ጨመረ» እያልን ነው፤ ዋጋ እንደ ጤፍ በራሱ የሚበቅል ይመስል። ለዚህ ጊዜ ነው የእንግሊዝኛው ጥንድነት የሚያስቀናኝ፤ ተናጋሪውን «በራሱ ነው ወይስ በሰው እጅ?» ብሎ ያፋጥጠዋልና።

እግር ኳስ የሚወዱ ወዳጆቼን ደግሞ «ዊን»ና «ቢት» ያጣሉብኛል። አርሰናል ቼልሲን አሸነፈ ለማለት «ዊን» የሚል ወዳጅ የሌለው ማን ነው? አማርኛ ተጋጣሚውንም ጨዋታውንም «አሸነፈ» ይለዋል፤ «ምንን?» ብለን ብንጠይቅ ለሁለቱም መልስ አለው፤ ስለዚህ መለያዬ እዚህ አይሠራም። በእንግሊዝኛ «ዊን» የሚባለው ጨዋታው፣ ዋንጫው፣ ሽልማቱ ነው፤ ተጋጣሚው ግን «ቢት» ይባላል። የ«ሮብ»ና የ«ስቲል»ም ጠብ ከዚህ ይመሳሰላል። «ስቲል» የሚሰረቀውን ዕቃ፣ «ሮብ» የሚዘረፈውን ሰው ወይም ቤት ይፈልጋል። እኛ «ሌባ ሰረቀኝ» እንላለን፤ ያቺ «ኝ» በአማርኛ ጉዳቴን እንጂ እኔን አትወስድም። ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ስትሻገር ግን ሌባው የወሰደው ቦርሳዬን ሳይሆን ራሴን ይሆናል፤ ከዚያም ተሰርቄ የተመለስኩ ሰው ሆኜ ፖሊስ ጣቢያ እቆማለሁ።

«ቲች»ና «ለርን»ን ያህል ግን የሚገርመኝ የለም። አንድ ልጅ «አስተምረኝ» ለማለት «ለርን ሚ» ቢል ቀይ እስክሪብቶ ይጠብቀዋል። በ1623 እ.ኤ.አ. በታተመው የሼክስፒር «ዘ ቴምፔስት» ግን ካሊባን የሚባለው ባሪያ የጌቶቹን ቋንቋ ስላስተማሩት ሲራገም ለማስተማር የሚጠቀምበት ቃል «ለርን» ነው። በዚያ ዘመን ይባል ነበርና። ዛሬ ስሕተት የምንለው ትናንት ልክ ነበር። ስሙን አስቡት፤ በሰው ቋንቋ ተናገር ተብሎ የተገደደ ሰው፣ በዚያው ቋንቋ ሲራገም፣ የመማርና የማስተማርን ቃል አንድ አድርጎ። የእኛው «ተማረ» ደግሞ የራሱ ጣጣ አለበት። ዕውቀት ያገኘም ተማረ፣ ምሕረት ያገኘም ተማረ ነው። እኔ ከዚያ ቀን ሳቅ ተምሬያለሁ፤ በአንደኛው ፍቺ።

ከላይ ግጥምን አንሥቻለሁና ልመለስበት። ሰምና ወርቅ የምንለው ጥበብ የሚኖረው በዚሁ በሚምታታ ግሥ ላይ ነው። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም፤ «አለ» ብዬ ብጽፍ መኖሩን ይሁን መናገሩን አንባቢው ነው የሚፈርደው። ባለቅኔ በዚህ ክፍተት ገብቶ ይጫወታል። እኔም ከባንክ መስኮት ኋላ ተቀምጬ አንድ ጊዜ እንዲህ ሞክሬ ነበር፤

ደጅ ስጠና ከርሜ ለብድር ተቸግሬ፣
ሀብታሙ ጎረቤት አበደረ ዛሬ።

ሰሙ ግልጽ ነው። ወርቁን የሚፈልግ «አበደረ»ን ከሁለት ይክፈለው፤ «አበደ 'ረ!» ይሆንለታል። ሀብታም ጎረቤት ሲያበድር ጤነኛ ነው ብሎ ያመነ የለምና። ትልቅ ግጥም አይደለም፤ አውቃለሁ። ያነሣሁት ግን አንድ ነገር ስለሚያሳይልኝ ነው። አንዱ ግሥ በሌላው ሲሳት በግጥም «አቤት ብልሃት!» ብለን እናጨበጭባለን፤ በደብዳቤ ላይ ሲሆን እንስቃለን። ያው ጆሮ፣ ያው ልማድ ነው ሁለቱንም የሚሠራው። ጋሼ የቆሎ ትምህርት ቤት ያለፉ ሰው እንደ ነበሩ የሰማሁት ከዚያ ሳቅ በኋላ ነው።

«እንግዲያውስ እንደ ፈለግን እንጻፍ ማለትህ ነው?» የሚል ይኖራል። አይደለም። የብድር ውል ሰምና ወርቅ አይወድም። ባለ ዕዳውና ባለ ገንዘቡ በአንድ ግሥ ምክንያት ቦታ ቢለዋወጡ ፍርድ ቤት የሚያደርስ ነገር ነው፤ የጋሼም ማስታወሻ መታረም ነበረበት። በዚህ አልከራከርም። የምከራከረው ስለ አስተራረሙ ነው። የእንግሊዝኛ ግሥ የተሳሳተበትን ሰው ማሰቡን እንደ ተሳሳተ አድርገን እንወስዳለን። በየቢሮው፣ በየስብሰባው፣ በየቃለ መጠይቁ ዝም ብለው የሚቀመጡ አዋቂዎች አሉ፤ የሚሉት ስላጡ ሳይሆን ግሡን ስለ ፈሩ። አንዲት «ኤስ» በግሥ መጨረሻ ላይ ብትጎድል ሐሳባቸው ሁሉ እንደሚጎድል ያውቃሉ። እኛ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ነን የምንለው ደግሞ ከሁሉ የባስን ሳቂዎች ነን፤ ቃል ስለምንወድ ሰውን በቃል ለመውጋት እንቸኩላለን።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ከብድር ጋር ስለ ተያያዘ። እስካሁን እንግሊዝኛ ሁለት ቃል ባለው ቦታ እኛ አንድ እንዳለን ስናገር ቆየሁ። ተቃራኒውም አለ። «ሌንድ» ብሎ እንግሊዝኛ አንድ በሚያደርገው ቦታ አማርኛ ሁለት ያደርጋል፤ አበደረና አዋሰ። ገንዘብና እህል ይበደሯል፤ የተበደረው ያንኑ ብር፣ ያንኑ ፍሬ አይመልስም፤ ልኩን እንጂ። መጽሐፍ፣ ምጣድ፣ ጃንጥላ ግን ይዋሷል፤ የሚመለሰው ያው ራሱ ነውና። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም የሚያልቅ ነገር ብድርንና ተጠቅሞ የመመለስ ውልን ለየብቻ ነው የሚያያቸው። ሕግ አዋቂዎች በብዙ አንቀጽ የሚለዩትን አንዲት እናት «ምጣድ አውሺኝ» ስትል በአንድ ቃል ትለየዋለች። በዚህ መሠረት ከባዕድ ቋንቋ የወሰድነውን ቃል «የውሰት ቃል» ማለታችን ትክክል አይመስለኝም፤ መልሰነው አናውቅምና። ብድር ብንለው ይሻል ነበር፤ ያልተከፈለ ብድር።

እንግሊዛዊ አማርኛ ሲማር አበደረና አዋሰን ያምታታል። «እባክህ 100 ብር አውሰኝ» ቢለን ፈገግ እንላለን፤ አማርኛን መሞከሩን ግን እናደንቅለታለን። ለእርሱ ያደረግነውን ለወገናችን ምነው ነፈግን?

ባለፈው ወር ጋሼ የጡረታ ገንዘባቸውን ሊያወጡ ወደ ቅርንጫፋችን መጡ። ወደ እኔ መስኮት ነበር ተራው የደረሳቸው። ጸጉራቸው ፈጽሞ ነጥቷል። ስለ ጤናቸው ጠየቅኋቸው፤ እርሳቸውም ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ፤ ገና አንድ ብቻ እንዳለኝ ስነግራቸው ሳቁ። ቅጹን ሰጠኋቸው። በሁለቱም ቋንቋ የተዘጋጀ ነው፤ በአማርኛው በኩል መሙላት ጀመሩና ኪሳቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ።

«እስክሪብቶ አውሰኝ፣ ልጄ» አሉኝ።

ሰጠኋቸው። ጎንበስ ብለው ሲጽፉ ስለዚያ ወረቀት ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ከኋላቸው የተሰለፈው ሰው ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል። ፈረሙ፤ ገንዘባቸውን ቆጥረው ወደ ውስጥ ኪሳቸው ከተቱ፤ እስክሪብቶውን ክዳኑን ገጥመው መለሱልኝ።